የተሰነጠቀው አውራ ጣት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የሚያምህ ጉልበትህስ በብርዱ አልባሰበትም? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። እማዬም ዓይናቸው ተሽሏቸው ፎቶህን ራሳቸው እያዩ መሳቅ ጀምረዋል። አሁን የምነግርህን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ቂማችንን ተወጥቻለሁ።

ያን የቅርስ ጥበቃ መሐንዲስ መቼም አትረሳውም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በጥንቱ ቅጥር በር አናት ላይ ያስገጠመው ቧንቧ አፍስሶ አባባ የገነቡት ጥግ ሲሰነጠቅ፣ «የግንበኛው ኖራ በስብሷል» ብሎ ጽፎ አባባን ከሥራ አስባረራቸው። ከዚያም የእሳቸውን ግንብ በሲሚንቶ ለሰነው። ሰፈሩ «ግንብ ናጅ» ሲላቸው አንተ መጀመሪያ ሰው ልትደበድብ ተነሣህ፣ ኋላም አገር ለቀህ ሄድክ። እሳቸው ስድስት ዓመት ከግቢ አልወጡም።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲበረታ ውኃው ከሲሚንቶው ኋላ መውጫ አጥቶ ልስኑ እንደ ቡግንጅ አበጠ። አለቆቹ፣ በጥንቱ ዓይነት ኖራ ካልጠገንከው ሥራህን ልቀቅ አሉት። እንዲህ ያለ ኖራ ደግሞ ዓመታት ውኃ ውስጥ መክረም አለበት፤ በከተማው ያለው በአባባ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነው። አንገቱን ደፍቶ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ።

አባባ ስጪው አሉኝ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ብለው ገሠጹኝ። እኔ መቼ ልጸልይ አልኩ? ሁለት ነገር ጠየቅሁት፤ ሲሚንቶውን በገዛ እጁ እንዲያነሣ፣ ከዚያም ያንን የጻፈውን ሪፖርት በሩ ላይ ቆሞ ለሰፈሩ እንዲያነብ።

ሦስት ቀን በመሮና በመዶሻ ሲፈልጥ በርጩማ አውጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። መዳፉ ውኃ ቋጠረ። ባረፈ ቁጥር «በርቱ እንጂ!» እለው ነበር። አባባ የቀን ሥራቸውን ሲጨርሱ ከመጨረሻው ድንጋይ ኋላ፣ እርጥቡ ኖራ ላይ፣ አውራ ጣታቸውን እንደሚያትሙ ታውቃለህ፤ መዶሻ የሰነጠቀው ጣት ስለሆነ ከማንም ጋር አይምታታም። በሦስተኛው ቀን አንድ ድንጋይ ሲነቅል አሻራው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ኖራውን በመሮ ሞከረው፤ መሮው ነጠረ። ሰዉ ሁሉ አየ።

ከዚያ ሪፖርቱን አነበበ። «በስብሷል» የምትለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ፤ ኋላ ያሉት አልሰሙም፣ ይድገሙት አልኩት። «ግንብ ናጅ» የሚለውን ስም ያወጣችው አትክልት ሻጭ ፊቷን በሻርፕ ሸፈነች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ወንድም ጋሼ!

ኖራውን ሰጠሁት፤ ግንቡ ምን አጠፋ? ትናንት ጥጉ ሲያልቅ አባባ ከስድስት ዓመት በኋላ ከግቢ ወጥተው መጡ። የመጨረሻው ድንጋይ ሊቀመጥ ሲል መሐንዲሱም አውራ ጣቱን ዘረጋ። አባባ፣ ልባቸውን ታውቀዋለህ፣ ቦታ ሊለቁለት ነበር። እጁን ይዤ መለስኩት። የአባባን ጣት አትመን ድንጋዩን ዘጋነው። ወደፊት ያንን ግንብ የሚከፍት ሰው እሱ መኖሩንም አያውቅም።

አባባ በዚህ ተቀይመውኛል፤ አንተን ግን «ልጄ ቀና ብሎ ይምጣ» ብለውሃል። እማዬ ጉንጭህን ይስማሉ። ታናሽ እህታችን ቁመቷ ደርሶብኛል፣ ጫማ ላክልኝ እያለች ትነዘንዛለች። አክስታችንም እንደ ልማዷ መቼ ነው የምታገባው ብላሃለች።

የተረፈውን ኖራ አሁንም ውኃ አጠጣዋለሁ። መሐንዲሱ ያን ጊዜ የሰሜኑንም በር በሲሚንቶ ለስኖታል።

ናፋቂህ እህትህ
ከአባባ ግቢ፣ ከኖራው ጉድጓድ አጠገብ
ጥቅምት 14 ቀን