ሳልሞት ለተተከለልኝ ድንኳን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ገብረክርስቶስ
የእድራችን ሰብሳቢ
ከኡራኤል ጀርባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የቀኝ ትከሻዎ እንዴት ሆነ? ባለፈው አርብ ከዘራዎን ጀርባዬ ላይ ሲሰብሩ ወለም ብሎዎት እንደሆነ እያልኩ ስሰጋ ሰንብቻለሁ። እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ፤ በሕይወትም አለሁ። ይህን ማለት በሰፈራችን ማስረጃ የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ የተሰፋው ቅንድቤ በፈለጉት ሰዓት ለምርመራ ዝግጁ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ሳምራ ዘርአይ እባላለሁ። አምና በስታቲስቲክስ ተመረቅሁ። ሥራ እስካገኝ ብዬ የጀመርኩት አስፈሪ ልቦለድ ከሥራው ቀድሞ ስላለቀ፣ አሳታሚም ስላልተገኘ፣ በራሴ አሳትሜዋለሁ። ርዕሱ «ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ» ነው። አንድ የካዛንቺስ ባለሥጋ ቤት ማታ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሰው ያርዳል፤ በማግስቱ የገደለውን ሰው ቃሬዛ ከፊት ተሸክሞ ከማንም በላይ ያለቅሳል። ደላላ በመንጠቆ ይሰቀላል፣ አከራይ ከነቁልፉ ይከተፋል፣ ደሙ እስከ መጨረሻው ገጽ አይደርቅም። በዚህ ከተማ ከእኔ የባሰ አስፈሪ ነገር የሚያሰናዳ የለም ብዬ እኩራራ ነበር። ልኬን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ዕለት የመጽሐፉን ምርቃት ማስታወቂያ ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ ባገኘሁት ምሰሶ ሁሉ ላይ ለጠፍኩ። ጓደኛዬ ናኦድ ፎቶዬን መሀል አድርጎ፣ ዙሪያውን ጥቁር አልብሶ፣ የመጽሐፉን ስምና አድራሻውን በደም ቀይ ጽፎበት ነበር፤ ኮምፒዩተር ላይ ሲታይ ያስበረግጋል። በቀለም ማሳተሙ ስለተወደደብን ግን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አበዛነው፤ ቀዩ ጽሑፍም ጥቁሩ ውስጥ ሰጠመ። የቀረው ፎቶዬ፣ ስሜ፣ ጥቁሩ ክፈፍና «ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፤ ማንም እንዳይቀር» የሚለው ብቻ ነው። ክፈፉ የእኔ ነው፣ አልክድም። እንዲህ ያለ ወረቀት በሰፈራችን ለማን እንደሚለጠፍ ማሰብ ነበረብኝ። ከወረቀቱ በኋላ ያለው ሁሉ ግን የእርስዎ ድርሰት ነውና፣ ባለቤትነቱን ልነጥቅዎ አልፈልግም።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። ሰፈሩ ፈርሶ ግማሹ አባል ኮንዶሚኒየም ከገባ ወዲህ እድሩ ስብሰባ ሲጠራ ወንበሩ ከሰው ይበዛ ነበር። ለእኔ ሞት ግን አርብ በማለዳ ጋሽ ተስፋለም ጥሩምባቸውን ይዘው ወጡ። በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እናት ግራና ቀኝ ተደግፋ ነው። እናቴ ወይዘሮ ሀብትነሽ ግን ኪዳን አስደርሳ ስትመለስ፣ ገና ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ የልጇን ስም ከጥሩምባ ነፊ ሰማች። አንድ ሰው ቀድሞ በራችንን አንኳኩቶ «ልጅሽ የት ናት?» ቢላት፣ «መስቀል አደባባይ፣ ለሯጮች ወረቀት ልታድል በማለዳ ወጥታለች» ትለው ነበር። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር፤ የበራችን ቆርቆሮ ግን ባትሪ አይፈልግም።

እናቴ አስፋልቱ ላይ ራሷን ጣለች። ደረቷን በድንጋይ ደቃች፣ ጉንጮቿን በጥፍሯ ተለተለች፣ እጇን ሊይዙ የሞከሩ ሁለት ሴቶችን ነከሰች። እኔ በመጽሐፌ አሥራ አንድ ሰው አርጃለሁ፤ አንዲት እናት እንዲህ ስትሆን ግን መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁን እችላለሁ። ለሥልጠናው አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለተደረገልኝ አቀባበል። ከመስቀል አደባባይ በእግሬ ስመለስ ድንኳኑን በራችን ላይ አየሁትና እናቴ የሞተች መሰለኝ። እየጮህኩ ሮጬ ገባሁ። በቃ፣ ያኔ ድንኳኑ ተናወጠ። አንዲት ሴት «ሬሳዋ መጣ» ብላ ወደቀች። ሕፃን ሳለሁ አዝሎ ጎርፍ ያሻገረኝ ድንኳን ተካዩ ያደታ፣ አግዳሚ ወንበር አንስቶ ቅንድቤን ገመሰው፤ ደሙ ሸሚዜ ላይ ሲወርድ ጊዜ ደግሞ «ይኸው፣ በደሟ ነው የመጣችው» ብሎ ለድጋሚ አነሳ። ጋሽ ተስፋለም በዚያው በጥሩምባቸው ጆሮ ግንዴን አሉኝ። እርስዎም «በስመ አብ» እያሉ ጀርባዬን በከዘራ ይወቅጡ ጀመር። እናቴ ከተጋደመችበት ተነስታ ላዬ ላይ ባትወድቅ ኖሮ የተለጠፈው ወረቀት እውነት ሊሆን ነበር። እሷም ከእኔ ድርሻ ጥቂት ቀምሳለች።

እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም፤ ሙት ሲነሳ ያየ ሰው ምን ያድርግ? የከነከነኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እናቴ አቅፋኝ፣ ትንፋሼን ሁሉም ሰምቶ፣ ሰው መሆኔ ከታመነ በኋላ፣ እርስዎ «በሰው እንባ ትቀልጃለሽ፣ አንቺ ባለጌ» ብለው እንደገና ጀመሩ። መጀመሪያ ሞታለች ብላችሁ፣ ቀጥሎ አልሞተችም ብላችሁ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ደበደባችሁ። ከዘራው የተሰበረው በሁለተኛው ዙር ስለሆነ፣ ከሬሳ ይልቅ በሕይወት ያለ ደራሲ እንደሚያስቆጣዎ ተረድቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ንፍሮው። ማገዶ አለቀና ጓዳ ውስጥ የተደረደሩት ካርቶኖች ተከፈቱ፤ ለምርቃቱ ያዘጋጀኋቸው መጽሐፎች እየተገነጠሉ ከብረት ድስቱ ሥር ገቡ። ንፍሮው ጥሩ በስሎ ነበር አሉ። ጀማሪ ደራሲ እንዲህ በአንድ ጠዋት ለሕዝብ ሲዳረስ ሰምቼ አላውቅም።

አራተኛው ምስጋና ሳይሆን ጉዳይ ነው። በማግስቱ ኮሚቴዎን ሰብስበው፣ «በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን አስተክላለች» በሚል እናቴን ከእድሩ ሰረዙ። ያስተከለችው እሷ ናት? እሷ አስፋልት ላይ ተዘርራ ነበር። የደም ግፊት በሽተኛ ናት፤ ከአርብ ወዲህም አልጋ ላይ ናት። ከተሰረዘች ጀምሮ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔን ማን ይቀብረኛል?» ትላለች። ፊቷ ስለመድማቱ፣ ስለ መጽሐፉም፣ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም። ከሰፈራችን ቤቱ ሄዷል፣ ሱቁ ሄዷል፤ ለእናቴ የቀራት ሰፈር እድሩ ነው። ቃሬዛ አራት እጀታ አለው፤ እኔ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ አንድ ልጇ ነኝ።

ከለቀስተኞች አንዱ በስልኩ የቀረጸውን አይቻለሁ፤ እኔ ከመግባቴ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እርስዎ ድንኳኑ መሀል ቆመው መነጽርዎን አውልቀው ያለቅሳሉ። «ብርቅ ልጅ ነበረች። ከዚህ ሰፈር መጽሐፍ የጻፈች እሷ ብቻ ናት። ብትኖር ስንት ታሳየን ነበር» ይላሉ። ማለቴ፣ ደጋግሜ ነው ያየሁት። ስለ መጽሐፌ እስከዛሬ የተነገረልኝ መልካም ቃል እሱ ብቻ ነው፤ ለአዲሱ ማስታወቂያዬ ላውለው ፈልጌ፣ ሳላስፈቅድዎ አይሆንም ብዬ ተውኩት።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህ ነው። ሞቼ ሳለሁ ለእኔ ያሳዩትን ርኅራኄ፣ ሳትሞት ለእናቴ ያሳዩአት፤ ስሟን ይመልሱላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት፣ ካዛንቺስ፣ ናኦድ ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት በላይ ባለው ካፌ ከቃጠሎ የተረፉትን መጽሐፎች አስመርቃለሁ። አልቅሳችሁልኝ የነበራችሁ ሁሉ ተጋብዛችኋል። ማስታወቂያው በዚህ ጊዜ በቀለም ታትሟል። እርስዎም መጥተው፣ እናቴን በአባልነት መመለስዎን በሕዝብ ፊት ቢናገሩ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ፈርሜ፣ ወንበር አቅርቤ፣ ከዘራዎን ራሴ ተቀብዬ አስቀምጣለሁ።

ለጀርባዬ ያልራራው ክንድዎ ለእናቴ ቃሬዛ እስኪተርፍ ድረስ ዕድሜና ብርታት እየተመኘሁ፣

በአክብሮትና በስፌት፣
ሳምራ ዘርአይ
የሁለት ሞት ተራፊ

ማሳሰቢያ፦ ካልነደዱት መጽሐፎች አንድ ቅጂ ጎድሎብኝ ነበር፤ ልጅዎ ሩቲ ትራስዎ ሥር እንዳየችው ነግራኛለች። ደላላው በመንጠቆ የሚሰቀልበት ገጽ ጋ ከደረሱ ወዲህ ሥጋ ቤት ደጃፍ እንደማይደርሱ፣ ጾም ባልሆነ ቀንም ሽሮ እንደሚያዙ ሰምቻለሁ፤ ለክብርዎ ስል ለማንም አልናገርም። ከዚያ ውጪ ቃል የምገባልዎት አንድ ነገር አለ። የእርስዎ ፎቶ በጥቁር ክፈፍ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ዕለት፣ ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት፣ እኔ መጥቼ በርዎን አንኳኳለሁ።