ለአንዲት ብልቃጥ የተጠየቀ ፈቃድ

ለክቡር የማረሚያ ቤቱ የታራሚዎች ጥያቄ ክፍል ኃላፊ
ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ፋይል መደርደሪያዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ኢሜይል ሳጥንዎ የማይረበሽ ይሁንልዎ።

ውብነሽ እባላለሁ፤ ቶተንሃም እኖራለሁ፣ ፓርክ ሮያል አንድ የሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ፣ በእርስዎ ጥበቃ ሥር የሚገኘው የሳዶቅ ሚስትም ነኝ። ሳዶቅ በቫኑ የተከለከለ ዕቃ ሲያመላልስ ተይዞ ታስሯል፤ ጥፋቱን እሱም አልካደ፣ እኔም አልከራከርለትም። ሆኖም ዳኛው ፍርዱን ሲያነቡ ቆሜ ሰምቻለሁና፣ የእኔን ማህፀን የሚመለከት አንቀጽ አልነበረበትም።

ስለተደረገልኝ ሁሉ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

፩. ካምደን ያለችው ሐኪም ያለ ሕክምና እርዳታ እንደማላረግዝ፣ ክሊኒኩም የሚቀበለኝ አርባ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ብቻ እንደሆነ ስትነግረኝ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። የሚያስፈልገው ሳዶቅ ዘሩን በአንዲት ብልቃጥ እንዲሰጥና ብልቃጧ በአንድ ሰዓት ውስጥ ክሊኒኩ እንድትደርስ መፍቀድ ብቻ ስለነበር በማግስቱ አፕላይ አደረግሁ። ከሰባት ወር በኋላ በላኩልኝ ያማረ ደብዳቤ የቤተሰብ ሕይወት መብቴን ከልብ እንደሚያከብሩ ገልጸው፣ ባለቤቴ ከአራት ዓመት በኋላ ስለሚፈታ እስከዚያ እንድታገሥ መከሩኝ። ስለ አክብሮቱ አመሰግናለሁ፤ መደመሩን ለእኔ ስለተዉልኝም እንዲሁ።

፪. ይግባኝ ብዬ ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቅሁ። ልደቴ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በኢሜይል ብለምንዎ፣ «ልጅ ስለተወለደልኝ በአባትነት ፈቃድ ላይ ነኝ፤ ስመለስ እጽፍልዎታለሁ» የሚል መልስ በደቂቃው ደረሰኝ። ከቢሮዎ ፈጥኖ የደረሰኝ መልስ እሱ ብቻ ነው። ለባለቤትዎ እንኳን ማርያም ማረችዎት ይበሉልኝ። እውነቴን ነው፤ ፋብሪካው ምሳ ክፍል ተቀምጬ ሳነበው መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ግን ሳንድዊቼን ትቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

የሚቀጥለው ምስጋናም ቅሬታም ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። ፈቃድዎ መጣ፤ አርባ ሦስት በሞላኝ በስድስተኛው ቀን። ክሊኒኩ ብደውል አዝነውልኝ፣ ነገር ግን ፋይሌ መዘጋቱን ነገሩኝ።

ቅዳሜ ለጥየቃ ሄጄ ለሳዶቅ ነገርሁት። ጠረጴዛው ላይ ያኖረውን እጁን እያየ፣ «ስም አውጥተሽለት ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ የለም» አልሁት።

ባሌን ዋሽቼው አላውቅም ነበርና፣ ክቡርነትዎ ይህችን የመጀመሪያዋን ውሸት በፋይሉ ላይ ይመዝግቡልኝ።

በሰው ዕድሜ ላይ ላሳዩት ወሰን የለሽ ትዕግሥት ያለኝን ከፍ ያለ አድናቆት እየገለጽሁ፣

ምክርዎን ተቀብላ እስከ መጨረሻው የታገሠችው
ውብነሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት የጸና መሆኑን፣ ጊዜው ሲያልፍም በማመልከቻ እንደሚታደስ ከግርጌው አንብቤያለሁ። ዕድሜዬን ለማሳደስ የምሞላው ፎርም የትኛው እንደሆነ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም።