ባያሱ የተስተካከለው ዳቦ ቤቱ ሥራ ላይ እያለ ነው

ወንድምዓለም፣

ሥራ ረፍዶብኛልና ባጭሩ ልጻፍልህ። አምፕሊፋየሩ ተሠርቷል፤ እንደ አምፖል የሚበራው የመስታወት ቱቦ ተቃጥሎ ስለነበር በምትኩ አዲስ ገብቷል። ክዳኑን እንዳትከፍት፣ ውስጡ ከሶኬት ተነቅሎም ይነዝራል።

ባያሱን፣ ማለትም ቱቦዎቹ ዘፈን በሌለበትም የሚስቡትን ከረንት፣ ባለፈው ወር ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስቴም አንድ ዓይነት ቁጥር ስላገኘሁ ኮርቼ ነበር። ሦስቴም የለካሁት ግን ረፋድ ላይ፣ ከታች ያለው ዳቦ ቤት ምድጃዎቹን ከፍቶ የቤታችንን መብራት ወደ 205 ቮልት ባወረደበት ሰዓት ነው። አንተ የምትከፍተው አመሻሽ ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ከዘጋ በኋላ ነው፤ ያኔ 238 ይደርሳል። በዝቅተኛ ቮልት ልክ የመሰለኝ ባያስ ቮልቱ ሲወጣ ከልክ ያልፋል። ቱቦው እንደ ፍም ቀልቶ የተቃጠለው ለዚህ ነው።

«ጆሮህ ደንቁሮ ነው፤ እያስጮህክ አቃጠልከው» ብላ ጎረቤት እስኪሰማ የጮኸችብህ ሴትዮ፣ ማለትም እኔ፣ ያን ቀን ቮልት መለኪያ ቴስተር አልያዘችም ነበር።

እሁድ ዳቦ ቤቱ ዝግ ስለሆነ፣ ቮልቱ ከፍ ባለበት ሰዓት እንደገና አስተካክዬዋለሁ።
አሁን ቮልቱ ሲወርድ ድምፁ ትንሽ ይለዝብ ይሆናል እንጂ ቱቦው አይጎዳም።

ለእማዬም ደውዬ ማን እንዳቃጠለው ነገርኳት። «እኔስ ድሮም የጠረጠርኩት አንቺን ነው» አለችኝ።

ከዚህ ቤት ለመውጣት ያዘጋጀኸውን ሻንጣ አልነካሁትም፤ የራስህ ጉዳይ ነው። ብቻ ከመሄድህ በፊት አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው አጫውትና ቱቦዎቹን በክዳኑ ቀዳዳዎች በኩል እያቸው።

ከቀሉ ደውልልኝ።
ካልቀሉም ደውልልኝ።

እህትህ