ሳይራገፍ አይሳቅም

ውድ ጥርሶ፣

እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ? እኔ ወገቤን ትተህ ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ አባባን አጥቤ፣ አብልቼ፣ አገላብጬ… ተወው፣ ታውቀዋለህ።

ባለፈው በስልክ ያልከኝ ነገር ነው ብዕር ያስነሳኝ። ያንን የባለመሰላሉን ፊልም ከፍተህላቸው ልጆችህ መሬት ላይ ሲንከባለሉ አንተ ጥርስህን አላሳየህም አሉ። “እታለም፣ ፊልሙ ነው ያረጀው ወይስ እኛ?” አልከኝ። የአባባን ሸሚዝ እየተኮስኩ ካውያው እጄ ላይ ስለነበር “እንጃ” ብዬ ዘጋሁብህ።

አባባ ከቀለም ቅብ ሥራው ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የፊልሙን ካሴት ይከት ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ያ ወፍራም ቀለም ቀቢ መሰላሉን ተሸክሞ ዞር ባለ ቁጥር ከኋላው ያለውን ሲጠርግ፣ እግሩን ባልዲ ውስጥ ሲነክር፣ አባባ “ይኸው የሥራ ባልደረባዬ!” እያለ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ቤት ውስጥ ሰው ሲወድቅ ግን ሕግ ነበረው። የወደቀው ራሱ ጉልበቱን ካላራገፈ መሳቅ የለም። “የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ መጀመሪያ ይራገፍ!” ነበር የሚለው። አንተ ከደረጃው የተንከባለልክ ቀንማ፣ እኛ እንድንስቅ ቸኩለህ እዚያው በጀርባህ እንደተኛህ ጥርስህን እያሳየህ ጉልበትህን አራገፍክ። ጥርሶ የሚለው ስም የወጣልህም ያኔ ነው።

አባባ ራሱ ከወደቀ ወዲህ ግን አልተራገፈም። ዕድሜ ልኩን መሰላል ላይ ኖሮ ያልወደቀ ሰው፣ የመታጠቢያ ቤት እርጥብ ወለል ጣለው። ሐኪሙ “አጥንቱ ደህና ነው፤ ካልተራመደ ግን እግሩ እንደተኛ ይቀራል” ብሎኛል። እሱ ወይ ፍንክች! ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ግድግዳ ያያል። ስለምነው “ተይኝ እስቲ” ነው። ስትደውል አጠገቤ ስለሚሆን ይሄን በስልክ ልነግርህ አልችልም።

እሁድ ዕለት፣ አንተ ባስታወስከኝ፣ ፊልሙን ከፈትኩለት። ሰውዬው ከመሰላሉ ሲወድቅ፣ ሙት ስልህ፣ እኔን አመመኝ። “ውይ ወገቡን! አሁን ማን ሊያነሳው ነው? ያን ሁሉ ቀለምስ ማን ሊጠርገው?” እላለሁ። አባባም አልሳቀም። “መሰላሉን መች በደንብ አስደገፈው” አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

አጠፋሁትና ምሳውን ላመጣ ተነሳሁ። ሾርባውን በትሪ ይዤ ስገባ የቴሌቪዥኑ ገመድ ጠለፈኝ። ትሪው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ ሾርባው ግድግዳው ላይ። ምንም አልሆንኩም፤ ግን መነሳት አስጠላኝ። ወለሉ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደዚያ የተመቸኝ ቦታ የለም ብልህ ታምነኛለህ?

ቀና ስል አባባ ከንፈሩን ነክሶ አፍጥጦብኛል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

“አንቺ ልጅ፣ ጉልበትሽን አታራግፊም እንዴ? ልፈነዳ ነው እኮ!”

አራገፍኩ። ፈነዳ! ሳል እስኪይዘው ሳቀ። እኔም ልሳቅ ላልቅስ እንጃ፤ ጥርስ ባዳ ነው።

“ያ የፊልሙ ወፍራም በሾርባ አይችልሽም” አለኝ ሳቁ ሲበርድለት። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፈፈ። ጉልበቱን ትክ ብሎ አየው። አቧራ እንኳ የለበትም፤ እሱ ግን ቀኙንም ግራውንም ቀስ ብሎ አራገፈና እጁን ዘረጋልኝ።

“በይ ያዢኝ።”

እስከ መስኮቱ ሄደን ተመለስን። ብዙ ደስ አይበልህ፤ በማግስቱ እምቢ ብሏል። ዛሬ ደግሞ እስከ በሩ ደርሷል።

ስለ ጥያቄህ፣ ልጆችህ የሚስቁት ሲወድቁ የሚያነሳቸው ስላለ ይመስለኛል። እኛ ደግሞ አንሺዎች ሆንን። ደክሞኛል፣ ጥርሶ። ለጥቂት ቀንም ቢሆን ና፣ የአባባን አንድ ክንድ ያዝልኝ። ስትገባ በሩ ላይ ብትወድቅልን ደግሞ ደስታውን አንችለውም፤ ብቻ ጉልበትህን ማራገፍ እንዳትረሳ።

ግድግዳውን ገና ያልወለወለችው እህትህ