በጎኔ ያለው ከረጢት

ልጄ አትጠገብ፣ በሰው አገር የምትውይ የምታድሪ፣ እመቤታችን ጥላ ከለላ ትሁንሽ። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ሕመሜን በስልክ ያልነገርንሽ ልብሽ እንዳይሸበር ብለን ነው። አንጀቴ ታጥፎ በስብሶ ኖሮ፣ ከወገዳ በዚያ ኮረኮንች ደብረ ታቦር ሲያደርሱኝ ሐኪሞቹ ቆርጠው ጣሉት። አሁን ሰገራዬ ሆዴ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወጥቶ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ብቅ ያለውን ቀይ ሥጋ ሳይ ራሴን ጠላሁት፤ እህትሽ የሻረግ ነበረች የምታጥበኝ። ዙሪያውን ቆዳዬ ይቃጠላል። ቶሎ እንዳይሞላ ብዬ እህል ስቀንስ ቀሚሴ ሁሉ ሰፋኝ። ዛሬ ራሴው አጥባለሁ፤ ሐኪሙ ግን ቀዳዳው ተመልሶ እንደማይዘጋ ነግሮኛል።

ለአስተርእዮ ማርያም ሄጄ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆምኩ። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ማርያም አይተውኝ በክርስትና ስሜ ጠሩኝ።

«ወለተ ማርያም፣ ምነው ውጭ ቆምሽ?»

«ቆሻሻዬን ታቅፌ እንዴት ልግባ፣ አባ?»

«ሁላችንም ታቅፈን ነው የምንገባ፤ ያንቺው ስለታየ ነው እንጂ።»

አለቀስኩ፤ እግሬ ግን እሺ አላለኝም። አሁንም የማስቀድሰው ከውጭ ነው።

ወጥቶ ከመቅረት ይሰውርሽ፤ ያሰብሽውን ይሙላልሽ። ስትመጪ አትሽሺኝ፤ ቁስሉ በግራዬ ነውና በቀኜ በኩል እቀፊኝ።

እናትሽ ፈንታዬ