የካርዱ ምራቂ የማን ነው?

ማክሰኞ፣ ማርች 3 ቀን 1998

አሥራ ሁለት ፓውንድ የምከፍለው ለምኑ ነው? ክሬዲት ካርዱን ለያዝኩበት። አምና ሲሰጡኝ በነፃ ነው ብለው ነበር። ዛሬ የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ነፃው የመጀመሪያው ዓመት ብቻ እንደነበረ ይነግረኛል። በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር ይላሉ። እኔ እኮ ትልልቁንም የማነበው በመነጽር ነው።

ደግነቱ በዚያው ፖስታ ሌላም ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ በካርዱ ከገዛሁት ላይ ከመቶው አንድ ፓውንድ መልሰውልኛል። አርባ አንድ ፓውንድ። እነሱ ካሽባክ ይሉታል፣ እኔ ምራቂ ነው የምለው። ልጅ ሆነን ሱቅ ስንላክ ባለሱቁ ስኳሩን መዝኖ ሲያበቃ አንድ ከረሜላ ይመርቅልን አልነበር? እሱ ነው። ባንክ ምራቂ ሲሰጥ ያየሁት እዚህ አገር ነው።

ልጄ ሶስና ከሌላ ባንክ ወረቀት ይዛ መጣች። የዚያኛው ካርድ ዓመታዊ ክፍያ የለውም፤ ምራቂው ግን ከመቶው ሃምሳ ፔንስ ብቻ ነው። ዳቦም ብገዛበት ፍሪጅም ያው ነው፣ አይለዋወጥም። እንግዲህ ወይ ከፍሎ ሙሉውን፣ ወይ ሳይከፍሉ ግማሹን። እስከ ወሩ መጨረሻ መወሰን አለብኝ።

ለጓደኛዬ ለአስካለ ደወልኩላት። አርባ አንዱን ልነግራት ነው፣ ደስ ብሎኝ። ጫማ ልገዛበት አስቤያለሁ፤ የትምህርት ቤቱ ኩሽና ውስጥ ቆሜ የምውልበት ጫማ ሶሉ አልቋል። "እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ" አለችና ቶሎ ዘጋችው። ሥራ ይዛ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ማርች 4

ሶስና ሒሳቡን ሠራችልኝ። "ማሚ፣ ኢት ዲፔንድስ" አለች፣ ይወሰናል ማለቷ ነው። በምን? በእድሩ።

የእኛ የቤት ወጪ ብቻ ከሆነ ክፍያ የሌለው ካርድ ይሻላል፤ የሙሉው ምራቂ አሥራ ሁለቱ ሲቀነስለት ምንም አይተርፈውም። የእድሩን ግዢ በካርዴ ማድረጌን ከቀጠልኩ ግን፣ ክፍያው ተቀንሶም ቢሆን የሙሉው ይበልጣል። ስለዚህ ካርድ መምረጥ ማለት የእድሩ ገዢ ሆኜ እቀጥላለሁ ወይ ማለት ነው። እቀጥላለኋ። አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ማን ነበረ? ሰው ሲሞት ለለቅሶው ቤት ሩዙን፣ ዘይቱን፣ ምስሩን፣ የወረቀት ሳህኑን የምገዛ እኔ ነኝ። ከራሴ እከፍላለሁ፣ ደረሰኝ አቀርባለሁ፣ የእድሩ ቼክ ኋላ ይደርስልኛል።

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ጋሽ ደምሴ ደወሉ። የእድራችን ዳኛ ናቸው፣ በአክብሮት ነው የሚናገሩት፣ የሚያናድደውም እሱ ነው።

"ዘነበች፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ሰማሁ። በእድሩ ግዢ የሚገኝ ትርፍ አለ ይባላል። እሑድ ስብሰባው ላይ ብናነሳው ሳይሻል አይቀርም።"

"ማን ነገረዎት?"

"ሰው ነዋ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ የነገርኩት ለአንድ ሰው ነበር።

ሐሙስ፣ ማርች 5

ቀኑን ሙሉ ድንች እየላጥኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። ትርፍ አሉት። እስቲ ትርፌን ልጻፈው፦

ከሱፐርማርኬቱ እስከ አርችዌይ ሰፈር በአውቶቡስ ያመላለስኩት ሩዝ። አንዱ ሾፌር ከነከረጢቱ አላስገባሽም ብሎኝ በእግሬ ሄጃለሁ።

ወገቤ።

የአቶ ይርጋ ነገር። ባለፈው ኦገስት ሲሞቱ አስከሬን ላኪው ድርጅት ቅድሚያ ካልተከፈለኝ አውሮፕላን ላይ ቦታ አልይዝም አለ። የእድሩ ቼክ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ፈራሚ ደግሞ ለሠርግ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። እኔ ካርዴን አውጥቼ ሰጠሁ። አቶ ይርጋ በቀናቸው አገራቸው ገቡ። የእድሩ ቼክ ከወር በላይ ቆየ፣ የካርዱ ወለድም ቆጠረ፣ ሃያ ሁለት ፓውንድ። ከኪሴ ከፈልኩ። ለሐዘን የወጣ ነው ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ከሥራ ስመለስ አስካለ ዘንድ ደወልኩ። ለምን ነገርሽ አልኳት።

"ምስጢር ነው እንዴ? ይልቅ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ዘነበች በአቶ ይርጋ ሬሳ ተመረቀላት ይላል።"

"ሰው ማለት ማን ነው?"

ስለ ብርዱ ማውራት ጀመረች። ሰው ማለት እሷ ናት። ዘጋሁባት።

ከአስካለ ጋር በአንድ ሰሞን ነው የመጣነው። ዋይት ሲቲ ሰፈር አንዲት ክፍል ተካፍለን ኖረናል። እኔ በፈረቃ ስሠራ ሶስናን ከትምህርት ቤት እየወሰደች ያሳደገችልኝ እሷ ናት። ሌላ ሰው ቢለው ስቄ ባለፍኩት። እሷ ስትለው ግን አጥንቴ ውስጥ ገባ።

ዓርብ፣ ማርች 6

በምሳ ሰዓት ካርድ ድርጅቱ ዘንድ ደወልኩ። መጀመሪያ ሙዚቃ አሰሙኝ። ጾም ላይ ነኝ፣ ባዶ ሆድና ንዴት ላይ ሙዚቃ ሲጨመር እንዴት ያለ ነገር ነው። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሳች።

እድር ራሱ ካርድ ሊኖረው ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እድር ምን እንደሆነ አስረዳኋት። ሰው ይሞታል፣ እናዋጣለን፣ እንቀብራለን። ካምፓኒ ነው? አይደለም። ቻሪቲ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው? አልተመዘገበም። እንግዲያው አይቻልም አለች፣ በትሕትና። ካርድ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው። ያ ሰው ይፈርማል፣ ዕዳው በሙሉ የእሱ ነው፣ ሌላው ቢከፍልም ባይከፍልም። ይህን እንዳልረሳው በእጄ መዳፍ ላይ ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ማርች 7

"ፎርቲ ዋን ፓውንድስ እኮ ነው ማሚ፣ ጀስት ስጫቸው" ትላለች ሶስና።

ልጅቷ እውነቷን ነው፣ አርባ አንድ ፓውንድ ሰው አይገድልም። ግን ብሰጥ ሰርቄ ነበር ማለት ነው። ባልሰጥ ደግሞ ሰርቃ እምቢ አለች ማለት ነው። በየትኛውም በኩል ስሜ ነው የሚሄደው፣ እኔ ደግሞ በዚህ አገር ከስሜ ሌላ ምን አለኝ።

ጫማውን አልገዛሁም።

እሑድ፣ ማርች 8

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰው ሲሞት እንኳ እንዲህ አይሞላም።

ጋሽ ደምሴ ጉዳዩን በጨዋ ቋንቋ አቀረቡት፤ ስሜን ሳይጠሩ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንዱ ጎልማሳ ተነሥቶ "ላሟ የእድሩ ከሆነች ጥጃዋም የእድሩ ናት" አለ። አጨበጨቡለት። ተረት ሲያገኙ ሒሳብ ይረሳሉ።

ተነሣሁ።

"ላሟማ የእኔ ነበረች። እድሩ ከእኔ የገዛት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ጥጃዋን እንካፈል ካላችሁ፣ ለአቶ ይርጋ የከፈልኩትን ሃያ ሁለት ፓውንድ ወለድም እንካፈላ።"

ስለ ወለዱ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ያው ጎልማሳ ጥሩ ሐሳብ መጣለት፤ እድሩ የራሱን ካርድ ያውጣ፣ ምራቂው ወደ ሣጥኑ ይግባ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል የእጅ ጫካ ሆነ።

"መልካም" አልኩ። "አንድ ሰው በስሙ መፈረም አለበት። እድሩ ቢዘገይ ዕዳው የፈረመው ሰው ነው። ማን ይፈርማል?"

እጆቹ እንዴት እንደወረዱ ቢታይ። አንዱ ራሱን አከከ፣ አንዱ መኪናውን የት እንዳቆመ ትዝ አለው። ጋሽ ደምሴ "እኔማ ጡረተኛ ነኝ" አሉ። ምራቂው የሁሉም፣ ዕዳው የዘነበች። አስካለ ከኋላ ተቀምጣ ቦርሳዋን ታያለች። እሷ እጇን አላወጣችም፣ ስለዚህ አላወረደችም።

ከዛሬ ጀምሮ በቼካችሁ ግዙ፣ ገዢነቱን መልሻለሁ አልኳቸው። ጋሽ ደምሴ "በቁጣ አይሆንም ልጄ" እያሉ ተከተሉኝ። ሻይ ሳልጠጣ ወጣሁ።

አውቶቡስ ላይ ሳስበው፣ ሌባ ነሽ ያለኝ የለም። አይደለሽም ያለኝም የለም።

ሰኞ፣ ማርች 9

ወሰንኩ። ክፍያ የሌለው፣ የግማሹ ካርድ። የእድሩ ግዢ ከሌለ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ክፍያ ላለው ካርድ ድርጅት ደውዬ ከወሩ መጨረሻ በኋላ አልፈልግም አልኩ። ለምን እንደምተው ጠየቁኝ። በእንግሊዝኛ የሚበቃኝ ስድብ ስላላገኘሁ ስልኩን ዘጋሁ።

ከሥራ ስወጣ ኬንቲሽ ታውን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አስካለ ቆማለች። ብርዱ ፊቷን አቅልቶታል። ዞር ልል ስል እጄን ያዘችኝ።

"ሦስት ጊዜ አፕላይ አደረግኩ" አለችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ምኑን?"

"ካርዱን። ካንቺ ጋር አንድ ዓይነቱን። ሦስቴም ሪጀክት አደረጉኝ። በኤጀንሲ በኩል ነው የምትሠሪው፣ ቋሚ ሥራ የለሽም፣ አድራሻ ትቀያይሪያለሽ ይሉኛል። አድራሻውን እኔ ነኝ የቀያየርኩት? ቤት የሚሰጠው ካውንስሉ አይደል ከቤት ቤት የሚያዘዋውረኝ? ደግሞ ተበድረሽ ስለማታውቂ አናውቅሽም አሉኝ። እኔ እኮ በዕድሜዬ የሰው ሳንቲም አልያዝኩም። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺም። እና ሦስተኛው ደብዳቤ በመጣ ማግስት አንቺ ደውለሽ ምራቂ ሰጡኝ ትይኛለሽ።"

"እና ባንኩን ትተሽ እኔን?"

"ባንኩን የት አገኘዋለሁ?"

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ዳውላዋ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ዘንድ ደውላ "ሰው ይላል ያልኩዎት እኔው ነኝ፣ ከእኔ ሌላ ያለ ሰው የለም፣ ለአባላቱ ይንገሩልኝ" ማለቷንም ነገረችኝ። እንዴት አድርጋ እንዳለችው እንጃ። ጋሽ ደምሴ ፊት እንዲህ ያለ ነገር መናገር ቀላል አይደለም።

ይቅር አልኩሽ አላልኳት። ለምን ቢባል፣ ስላላልኩ። አውቶቡሱ ሲመጣ ወጣሁ። እሷም ወጣች፤ መንገዳችን አንድ ነው። ከኋላዬ ተቀመጠች፣ እኔ ቀድሜ ወረድኩ።

ቤት ገብቼ ንዴቴ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። ሦስት ጊዜ። የሰው ቢሮ ሌሊት ተነሥታ የምታጸዳ ሴት፣ ኪራይ አንድ ቀን አሳልፋ የማታውቅ። ምናልባት ያንን ደብዳቤ የጻፈውን ሰው ጠረጴዛ የምትወለውል እሷ ናት። ብትበደርና ብትከፍል ኖሮ ያምኗት ነበር፤ ስላልተበደረች አያምኗትም። ይህ እንዴት ያለ ፍርድ ነው?

ማክሰኞ፣ ማርች 10

አዲሱን ፎርም ስሞላ ዋልኩ ማለት እችላለሁ። ስም፣ የሥራ ቦታ፣ ስንት ዓመት። እስከ መጨረሻው ገጽ ደህና ሄድኩ። እዚያ ላይ አንድ ሣጥን አለ፦ በዚሁ ሒሳብ ሁለተኛ ካርድ የምትሰጪው ሰው አለ ወይ ይላል። ክፍያ የለውም። በራሱ ስም ካርድ ያገኛል፤ የሚያወጣውን ሁሉ የምከፍለው ግን እኔ ነኝ።

ሶስና ከትከሻዬ በላይ አነበበች። "ለአንቲ አስካለ? ዩ ካንት ቢ ሲሪየስ። ያን ሁሉ ካለችሽ በኋላ?"

እውነቷን ነው። ብታወጣና መክፈል ቢያቅታትስ? ኤጀንሲው ሥራ የለም ቢላትስ? እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አነሣሁት። መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ እጄን አየሁት። ትናንት ባንኩን ስረግም አመሸሁ፣ ከትናንት ወዲያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ስሰድብ ተመለስኩ፣ ዛሬ ፈርሚ ሲባል የኔም እጅ እንደነሱ ወረደ። በራሴ አፈርኩ፣ ማፈሬም አናደደኝ።

ስሟን ከነአባቷ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት። ፈረምኩ። ምራቂውን እንዴት እንደምንካፈል እግዜር ይወቅ።

ገጹን ሳገላብጠው ታች ሌላ መስመር አለ፤ እሷም መፈረም አለባት። እኔ እኮ ገና አኩርፌያለሁ። ቢያንስ እስከ እሑድ ልቆይ አስቤ ነበር፣ ትንሽ ላስጨንቃት። አሁን ፎርሙን ይዤ ደጃፏ ድረስ መሄዴ ነው። ካፖርቴን ለብሻለሁ፣ ቆሜ ነው የምጽፈው። ስትከፍት ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።