የደሴው መስመር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
የደሴው አውቶቡሳችን ዛሬም ተገፍቶ ተነሣ። ትኬት የቆረጥኩላቸው ሰዎች ከወንበራቸው ወርደው፣ መናኸሪያው መሃል አውቶቡስ ሲገፉ... አፈርኩ። ወንድሜ ዓለምነው መሪውን ይዞ ይሥቃል።
"እንቀይረው" አልኩት እንደገና።
"የአባታችንን መኪና?"
አባባ ቢኖሩ ይሄኔ ለቁራሌው ሰጥተውት ነበር!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ባሕር ዳር ወርጄ የመኪና ሻጩን አነጋገርኩ። በናፍጣ የሚሄድ አዲስ የለም፣ ያለው የኤሌክትሪክ ነው። ደሴ ያደርሳል? "መንገድ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ሲተከል።" መቼ? "በቅርቡ።" በቅርቡ... እዚያ መብራቱ ራሱ መቼ ውሎ ያድራል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21
አብሬ ሄጄ ነበር። ጉና ዳገት ላይ ሞተሩ ጋለና ቆመ። ጉም፣ ብርድ። እትዬ የሺ የሚባሉ ተሳፋሪ ጋሸና ወንድማቸውን ሊቀብሩ ነው የሚሄዱት። የሚያልፈውን ሁሉ ለመንን፣ ሁሉም ሞልቷል። በስንት ልመና አንድ አይሱዙ ላይ ሰቀልናቸው።
ማታ ደወልኩላቸው። "ተቀብሮ ቆየኝ፣ ልጄ" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22
እትዬ የሺ ያሉኝን ለዓለምነው ነገርኩት። አቀርቅሮ "ሽጭው" አለ። በቃ! ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ያስለመነኝ ለምንድን ነው?

ኅዳር 19
የኤሌክትሪኩን ወሰድን። ከባሕር ዳር አያልፍም፣ ቻርጁ ያለው እዚያ ነው። ደሴ ቀረ።
"መንገድ ላይ ያለው የጋይንት ሰውስ በምን ይሄዳል?" ይለኛል ዓለምነው። እኔን? ሽጭው ያለኝ ራሱ!

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7
የመጀመሪያው ጉዞ። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ። "ተነሣ እንዴ?" ይላል ተሳፋሪው። በሰላም ደርሰን ተመለስን።
ሰው ከወረደ በኋላ ዓለምነው ከመሪው አልተነሣም።
"ዛሬ አልፈራሁም" አለኝ።
"ምኑን?"
"የጉናን ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር፣ አሁን ፍሬኑ ከዳኝ እያልኩ... ስንት ዓመት።"
"ሰው ጭነህ?! ለምን አልነገርከኝም?"
"ብነግርሽ ታስቆሚኛለሽ። ያን ሁሉ ሰው ማን ይወስደዋል?"
ጮኽኩበት። አንድ ቀን ገደል ቢከታቸውስ? ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። ግን የእኔስ ይሻላል? ጠዋት ለጋሸና የመጡትን "መስመሩ ቀርቷል" ብዬ መለስኳቸው። አንዷ ልጅ ያዘለች ሴት ትንሽ ቆማ አየችኝና፣ መንገድ ላይ መኪና ልትለምን በእግሯ ወደ ጉና አቅጣጫ ወጣች።
አግኝታ ይሆን?